ከሐምራዊው ማዶ፦ የታዳኝ እንስሳት ዓይንና የተሰወረው ብርሃን

ከአርባ ምንጭ ከተማ ቁልቁል የሚታዩትን ሁለቱን ሐይቆች፣ አባያንና ጫሞን፣ ለይቶ ያቆመውን፣ የእግዜር ድልድይ የተባለውን ከፍታ ተሻግሮ ወደ ምሥራቅ ለሚዘልቅ መንገደኛ ነጭ ሣር የሚባለው ሰፊ ሜዳ ይገለጥለታል፤ በዚያም ሜዳ ላይ የሜዳ አህያውና የሜዳ ፍየሉ ሣሩን እየጋጡ፣ ጥቂት በጋጡ ቁጥር ግን አንገታቸውን ቀና አድርገው አድማሱን እየቃኙ መዓልቱን ያሳልፋሉ። ከሣሩ ሥር አይጡ፣ ከአይጡም በላይ በሰማይ ጭልፊቱና ንስሩ አሉ፤ የአንዱ ሕይወት በሌላው ሞት የሚጸና በመሆኑ፣ በዚህ ሁሉ ፍጥረት መካከል ጠላትን አስቀድሞ ማየት ማለት ሌላ ቀን መኖር ማለት ነው። ይህን ትርኢት ከኮረብታ ላይ ቆሞ የሚመለከት ሰው፣ እርሱና እንስሳው አንዱን ሜዳ በአንድ ፀሐይ ሥር አንድ ዓይነት አድርገው የሚያዩት ይመስለዋል፤ ነገር ግን የተፈጥሮ ሊቃውንት ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ በፈጀ ድካም የደረሱበት እውነት ከዚህ ይለያል፤ ይኸውም ከፀሐይ ከሚወርደው ብርሃን መካከል ለሰው ኅቡእ የሆነ፣ ለብዙ ፍጥረታት ግን የተገለጠ አንድ ክፍል አለ። ይህ ምሥጢር እንዴት እንደ ታወቀና እንዴትስ ከአዳኝና ከታዳኝ ትግል ጋር እንደ ተገናኘ ከመነሻው ጀምረን በቅደም ተከተል እንተርካለን፤ የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1800 ዊልያም ኸርሼል የተባለው የሰማይ ከዋክብት ተመራማሪ፣ የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም መስተዋት ዘርዝሮ የየቀለሙን ሙቀት ሲለካ፣ ከቀዩ ቀለም ወዲያ፣ ዓይን ምንም በማያይበት ስፍራ፣ ሙቀት መኖሩን አገኘ። ይህን ወሬ የሰማው ዮሐን ቪልሄልም ሪተር፣ በጀርመን አገር በዬና ከተማ የሚኖር የ24 ዓመት ወጣት፣ በቀዩ ጫፍ የተሰወረ ነገር ካለ በሐምራዊውም ጫፍ ሊኖር ይገባል ብሎ አሰበና፣ በየካቲት ወር 1801 ብርሃን ሲነካው የሚጠቁረውን የብር ክሎራይድ በወረቀት ላይ ቀብቶ በተዘረዘረው የቀለማት ተርታ ላይ ዘረጋው። ወረቀቱም ከሁሉ ይልቅ የጠቆረው ቀይ ወይም አረንጓዴ ባረፈበት ሳይሆን፣ ከሐምራዊው አልፎ ሰው ጽልመት ብቻ በሚያይበት ቦታ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ አልትራቫዮሌት የምንለው ብርሃን በዚህ ሁኔታ ታወቀ፤ ሪተር ግን የግኝቱን ፍሬ ሳያይ ገና በ33 ዓመቱ ዐረፈ።

ይህ ብርሃን ለምን ከሰው እንደ ተሰወረ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። የሰው ዓይን የሚያየው የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ የሆነውን ብርሃን ሲሆን፣ ከ400 በታች ያለውን በዓይናችን ውስጥ የሚገኘው ሌንስ እንደ መጋረጃ ሆኖ ወደ ውስጠኛው የብርሃን ተቀባይ ሽፋን ሳይደርስ ያስቀረዋል። ለዚህም ምስክር የሚሆነው፣ በዓይን ሞራ ምክንያት ሌንሳቸው ወጥቶ በምትኩ ሌላ ያልተተካላቸው ሰዎች፣ ሌላው ሰው ከማያየው ከዚህ ብርሃን ጥቂቱን ማየት መቻላቸው ነው። እንግዲህ ብርሃኑ ከእኛ የራቀው ከሰማይ ሳይወርድ ቀርቶ አይደለም፤ እንዲያውም እጅግ የሚያቃጥለውን ክፍል የኦዞን ንጣፍ ካስቀረው በኋላ የተረፈው በየቀኑ በምድር ላይ ይፈስሳል፤ ብዛቱም በየ1000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ በአርባ ምንጭ ቆላ ከሚወርደው ይልቅ በጨንቻና በጉጌ ተራሮች ራስ ላይ የሚወርደው ይበዛል።

ብርሃኑ ከታወቀ ከ80 ዓመታት በኋላ ሕያው ፍጥረት ሊያየው እንደሚችል ያስመሰከረው እንግሊዛዊው ሰር ጆን ለቦክ ነበር። ለቦክ በሙያው የባንክ ባለቤትና የፓርላማ አባል ሲሆን፣ ዕረፍት ባገኘ ጊዜ ሁሉ ግን ጉንዳኖችን የሚመረምር ሰው ነበር። የጉንዳን ጎጆ ተከፍቶ ብርሃን ሲገባበት ጉንዳኖቹ ገና ያልጎለመሱትን ልጆቻቸውን ተሸክመው ወደ ጨለማ እንደሚያሸሹ ያውቅ ስለ ነበር፣ የተዘረዘረውን ብርሃን በጎጆው ላይ አሳረፈና ልጆቻቸውን በመጀመሪያ ከየትኛው ቀለም ሥር እንደሚያነሡ ተመለከተ፤ ጉንዳኖቹም ለሰው ጨለማ በሚመስለው፣ ከሐምራዊው ማዶ ባለው ስፍራ የነበሩትን ከሁሉ አስቀድመው አሸሹ። ለቦክ በዚህ ሳይወሰን፣ ለሰው ዓይን ጥርት ያለ ሆኖ የሚታየውን፣ የተሰወረውን ብርሃን ግን የማያሳልፈውን የካርቦን ዳይሰልፋይድ ፈሳሽ በጎጆው ላይ ሲያኖር፣ ጉንዳኖቹ ከዚያ ፈሳሽ ሥር ልክ በጥላ እንዳሉ ሆነው ተሰበሰቡ። በ1882 ጉንዳንን፣ ንብንና ተርብን በሚመለከት መጽሐፉ ይህን ሲያሳትም፣ ለደካማ ፍጥረት ይህ ብርሃን የመጋለጥና የአደጋ ምልክት ሊሆን እንደሚችል ታየ።

የሚቀጥለው ምዕራፍ የንብ ነው። በ1910ዎቹ ካርል ፎን ፍሪሽ ንብ ቀለም እንደምትለይ ካስመሰከረ በኋላ፣ በ1924 አልፍሬድ ኩን የተሰወረውን ብርሃን ራሱን የቻለ ቀለም አድርጋ እንደምታየው አረጋገጠ፤ ለእኛ አንድ ወጥ ቢጫ መስለው የሚታዩን ብዙ አበቦችም ንቧን ወደ ወለላቸው የሚመራ ምልክት በዚህ ብርሃን ተጽፎባቸው ተገኙ። በጋሞ ደጋ ቀፎ ሰቅሎ ማር የሚቆርጠው ገበሬ ንቧ ከሩቅ አበባውን እንዴት እንደምታገኘው ሲያደንቅ ኖሯል፤ አድናቆቱም ተገቢ ነበር።

ይሁን እንጂ ለብዙ ጊዜ ሊቃውንቱ ይህ ስጦታ የነፍሳት ብቻ ነው፣ የጀርባ አጥንት ያላቸው እንስሳት ግን እንደ ሰው ከርሱ የተከለከሉ ናቸው ብለው ያምኑ ነበር። ይህን እምነት በ1970ዎቹ መጀመሪያ በእርግብና በአሜሪካ ትንንሽ ወለላ ቀሳሚ ወፎች ላይ የተደረገው ምርመራ አናጋው፤ በ1980ም ቲሞቲ ጎልድስሚዝ ወፎቹ ብርሃኑን በእርግጥ እንደሚያዩ አስረዳ። የወፍ ዓይን የሰው ካለው ከሦስቱ የቀለም ተቀባዮች በላይ አራተኛ እንዳለው ሲታወቅም፣ ሰማዩን የሞላው የአዕዋፍ ነገድ ሁሉ እኛ ከምናውቀው የሰፋ ዓለም ውስጥ እንደሚኖር ተገለጠ።

በዚህ መካከል የ1974 ዓመት ደረሰ። በዚያ ዓመት በአገራችን 514 ካሬ ኪሎሜትር የሚሆነው የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ፤ የሜዳ አህያውና በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የማይገኘው የስዋይን ቆርኬም ጥበቃ ያገኛሉ ተብሎ ተስፋ ተጣለ። በዚያው ዓመት፣ ከዚህ ሜዳ እጅግ በራቀው በካናዳ በረዶ ላይ፣ ላቪንና ኦሪትስላንድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ለሌላ ጉዳይ የተነሡበት ሥራ ወደ ታላቅ ነገር አደረሳቸው። ጉዳያቸው በበረዶ ላይ የሚወለዱትን ነጫጭ የባሕር እንስሳት ግልገሎች ከአውሮፕላን መቁጠር ነበር፤ ነጭ በነጭ ላይ ስለ ሆነ በተራ ፎቶግራፍ የሚታይ አልነበረም። አልትራቫዮሌትን ብቻ በሚቀበል ካሜራ ባነሡ ጊዜ ግን በረዶው ብርሃኑን ሲመልሰው የግልገሎቹ ጠጉር ውጦ ስለሚያስቀረው፣ ግልገሎቹ ጠቁረው ታዩ፤ የዋልታው ነጭ ድብም በዚያው ካሜራ ፊት ከነጭነቱ ተራቁቶ ጥቁር ሆነ። በበረዶ አገር ካሉት አዳኞች ሁሉ ኀያል የሆነው አውሬ የተሸሸገበት ነጭ ልብስ ለሰው ዓይን ብቻ የሚሠራ መሸሸጊያ ሊሆን እንደሚችል በዚህ ታወቀ፤ ይሁን እንጂ ካሜራው ያየውን የሚያይ ታዳኝ እንስሳ ይኖር ይሆን ለሚለው ጥያቄ መልሱ ገና 37 ዓመት ይጠብቅ ነበር።

በ1990 ከእንግሊዝ አገር የመጡ ተመራማሪዎች የነጭ ሣርን አዕዋፍና አራዊት ሲመዘግቡ፣ በሜዳው መንገድ ላይ ሞታ የተገኘች፣ ቀን በመሬት ላይ ተጋድማ ሌሊት ነፍሳትን እያደነች የምትኖር የአንዲት ወፍ ክንፏን ብቻ አነሡ። ክንፉ ከታወቁት ወፎች ከአንዱም ጋር ስላልተስማማ፣ ብዙ ከተመረመረ በኋላ በ1995 ለሳይንስ አዲስ ዝርያ ሆኖ በነጭ ሣር ስም ተመዘገበ። የዚህች ወፍ ነገድ በጠቅላላው ጎጆ ሳይሠራ በባዶ መሬት ላይ ዕንቁላሉን የሚጥል፣ ሕይወቱንም በመልኩ ከአፈርና ከቅጠል ጋር መመሳሰል ላይ የጣለ ነው፤ ስለዚህ አዳኙ የሚያየው ቀለም የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ ለርሷ የሞትና የሕይወት ጥያቄ ነው፤ ወደ ኋላም እንመለስበታለን።

በእነዚያው ዓመታት ምርመራው ወደ አጥቢዎች ተሻገረ። በ1991 የካሊፎርኒያው ጄራልድ ጄኮብስና ባልደረቦቹ፣ በአይጦች ዓይን ውስጥ ከሁሉ ይልቅ አልትራቫዮሌትን የሚቀበል የብርሃን ሕዋስ አገኙ። በ1992 ደግሞ የሃንጋሪው አጎስቶን ሴልና ጓደኞቹ የሕዋሱን አቀማመጥ ሲመረምሩ፣ በአይጥ ዓይን ይህ ተቀባይ በብዛት የሰፈረው በታችኛው ክፍል መሆኑን ተመለከቱ። በዓይን ውስጥ ምስል ተገልብጦ ስለሚያርፍ፣ የዓይን ታችኛው ክፍል የሚመለከተው ላይኛውን ዓለም ነው፤ እንግዲያስ ይህች በእግር ሥር የምትኖር ትንሽ ፍጥረት የተሰወረውን ብርሃን የምታይበት ኀይሏ በአመዛኙ ወደ ሰማይ የቀና ነው ማለት ነው።

በ1995 ከፊንላንድ ዩሲ ቪታላና ባልደረቦቹ፣ ትንሿ ጭልፊት የአይጦችን የሽንት ዱካ በአልትራቫዮሌት ብርሃን አይታ እንደምትከተል ጻፉ፤ ይህም ማለት ብርሃኑ ታዳኙን አሳልፎ ለአዳኙ ይሰጠዋል ማለት ስለ ነበር፣ ወሬው በዓለም ሁሉ ተሰማ። ነገር ግን እውነተኛ ዕውቀት ራሱን ደጋግሞ የሚፈትን ነውና፣ በ2013 የስዊድን ተመራማሪዎች የአዳኝ አዕዋፍን ዓይን ሲመረምሩ፣ የዓይናቸው ፈሳሽና ሌንስ ከዚህ ብርሃን ብዙውን እንደሚያስቀር፣ የሽንቱም ዱካ ከአካባቢው ያን ያህል ተለይቶ እንደማይታያቸው አስረዱ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2005 ሌሎች የስዊድን ሊቃውንት ያገኙትም ከዚሁ የሚስማማ ነበር፤ ብዙዎቹ ዘማሪ ትንንሽ ወፎች አልትራቫዮሌትን ጠልቀው ሲያዩ የጭልፊትና የቁራ ወገን የሚያዩት ሐምራዊውን ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ዘማሪዎቹ በላባቸው ለትዳር ጓደኛቸው ደምቀው ለጠላታቸው የደበዘዙ ሆነው ሊኖሩ ይችላሉ። ከዚህ ክፍል የምንማረው፣ ብርሃኑ ለማንም በአድልዎ የተሰጠ መሣሪያ አለመሆኑን፣ በየዓይኑ ልዩነት ግን ለአንዱ መጠለያ ለሌላው መጋረጃ እንደሚሆን ነው።

ከዚያም 2011 መጣ፤ በ1974 በበረዶው ላይ ተጥሎ የቀረው ጥያቄም መልስ አገኘ። የለንደኑ ግሌን ጄፍሪ ከኖርዌይ የትሮምሶ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የሰሜኑን አጋዘን ዓይን መረመረ። ይህ እንስሳ የሚኖረው በክረምት ፀሐይ ከአድማስ ብዙ በማትርቅበት፣ በረዶው ግን ከሚወርድበት አልትራቫዮሌት እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን በሚመልስበት አገር ነው። ሰው በእንዲህ ያለ አገር ያለ መከላከያ ሲቆይ ዓይኑ ይታመማል፤ አጋዘኑ ግን እስከ 320 ናኖሜትር ገደማ የሚደርሰውን ብርሃን ወደ ዓይኑ ውስጥ ያስገባል፤ የዓይኑም ነርቭ ለዚያ ብርሃን መልስ ሲሰጥ በመሣሪያ ተመዘገበ። የዚህም ጥቅሙ ግልጽ ሆኖ ታየ፤ ተኩላ በጠጉሩ ብርሃኑን ስለሚውጥ፣ ለሰው ዓይን ከበረዶው ጋር ሲመሳሰል ለአጋዘኑ በነጩ ላይ የጠቆረ ሆኖ ይታያል፤ አጋዘኑ በክረምት የሚመገበው የዓለት ሽበትና በበረዶ ላይ የተተወ የጠላት ሽንትም እንዲሁ። በድብ ነጭ ልብስ ላይ ካሜራ ያየውን፣ በተኩላ ጠጉር ላይ ታዳኙ በሥጋ ዓይኑ ያየዋል ማለት ነው።

ሣር በሚበቅልበትና በረዶ በማይታወቅበት በእኛ አገር ግን ነገሩ በሌላ መንገድ ይሄዳል። ሣርና ቅጠል ከዚህ ብርሃን የሚመልሱት ጥቂቱን ብቻ ስለ ሆነ፣ በነጭ ሣር ሜዳ ምድሩ በአልትራቫዮሌት ጨለማ ነው፤ የሚያበራው ሰማዩ ነው። አየር አጫጭር ሞገዶችን ከረጃጅሞቹ ይልቅ ስለሚበትን፣ ከፀሐይ ፊት በራቀውም ሰማይ ላይ ብርሃኑ ተሰራጭቶ ይኖራል፤ ስለዚህ ከላይ የሚያንዣብብ ክንፍ ሁሉ በብሩህ ሰማይ ላይ የተሳለ ጥቁር ምስል ይሆናል። የአይጥ ዓይን ወደ ሰማይ የቀናበትን ምክንያት በ2013 የወጡ ሁለት ምርመራዎች አብራሩት። በጀርመን ቱቢንገን ቶም ባደንና ባልደረቦቹ፣ በአይጥ ዓይን ታችኛው ክፍል ያሉት ተቀባዮች ከብሩህ ይልቅ ጨለማ ነገርን ለይተው ለማየት የተቃኙ መሆናቸውንና ይህም ከሰማይ ትርኢት ጋር መስማማቱን አሳዩ። በአሜሪካ ደግሞ ሜሊስ ይልማዝና ማርከስ ማይስተር፣ ምንም ጠላት አይቶ የማያውቅ አይጥ ባለበት ሣጥን ጣራ ላይ እየሰፋ የሚመጣ ጥቁር ክብ ሲያሳዩት፣ አይጡ ወዲያው ወደ መሸሸጊያው ሲሮጥ ወይም ባለበት ደርቆ ሲቀር ተመለከቱ፤ ክቡ እየጠበበ ሲሄድ ግን እንዲህ አልሆነም። ማንም ያላስተማረው ፍርሃት፣ ከላይ ከሚወርድ ጥላ እንዲሸሽ በተፈጥሮው ተጽፎበታል። በአርባ ምንጭ ዙሪያ በቆሎ ማሳ ውስጥ ጭልፊት ሲያንዣብብ ድንገት ጸጥ የሚሉት አይጦች፣ በበረዶ አገር ካለው አጋዘን ተቃራኒ በሆነ መንገድ ግን በአንድ ሕግ ይጠበቃሉ፤ ለዚያ ብሩሁ ምድር ነው፣ ለእነዚህ ብሩሁ ሰማይ ነው፤ ጠላት ግን በሁለቱም ዘንድ ጨለማው ነው።

በ2014 ሮናልድ ዳግላስና ግሌን ጄፍሪ የ38 አጥቢ እንስሳትን ዓይን ሌንስ ሲለኩ፣ ብርሃኑን የሚያሳልፉት ከታሰበው እጅግ የበዙ ሆነው ተገኙ፤ ከእነዚያም መካከል ጃርት መሰሉ የአውሮፓ እንስሳ፣ ድመትና ውሻ፣ የቀጭኔም ዘመድ የሆነው የኮንጎው ኦካፒ ነበሩ። እንግዲህ አዳኞቹም ከዚህ ስጦታ ሙሉ በሙሉ የተከለከሉ አይደሉም። በዚያው ዓመት ኒክ ታይለርና ባልደረቦቹ በኤሌክትሪክ መስመሮች ላይ ሰው የማያየው የአልትራቫዮሌት ብልጭታ እንደሚፈነጥቅ አመልክተው፣ አጋዘኖች ከእነዚህ መስመሮች ርቀው የሚሄዱት ብልጭታውን ስለሚያዩት ይሆናል የሚል ሐሳብ አቀረቡ።

በ2016 ሁለት ሥራዎች ታሪኩን ወደ እኛ ሜዳ ፍጥረታት አቀረቡት። አማንዳ ሜሊን፣ ቲም ካሮና ባልደረቦቻቸው የሜዳ አህያን ሽንትር በአንበሳና በጅብ ዓይን መጠን አስልተው፣ በቀን ብርሃን ከ50 ሜትር፣ በማታ ብርሃን ከ30 ሜትር ወዲያ አዳኙ መስመሩን ለይቶ ማየት እንደሚቸግረው አስረዱ። በዚያው ዓመት የታተመው ሁለተኛው ሥራ በዛምቢያ የተደረገ ነው፤ የእንግሊዝና የአፍሪካ ተመራማሪዎች፣ በመሬት ላይ ዕንቁላል የሚጥሉ ወፎችን፣ ከነጭ ሣሯ ወፍ ነገድ የሆኑትንም ጭምር፣ አልትራቫዮሌትን በሚቀበል ካሜራ አንሥተው በየአዳኙ ዓይን ልክ መዘኑ፤ በጠላታቸው ዓይን ወፎቹ ወይም ዕንቁላሎቹ ከአካባቢያቸው ጋር ይበልጥ በተመሳሰሉበት ስፍራ፣ ዕንቁላሎቹ ከሌሎቹ ይበልጥ ከጥፋት ተረፉ። አንዲት ወፍ በደንብ መሸሸግ አለመሸሸጓን የሚፈርደው የሰው ዓይን እንዳልሆነ በዚህ ተረጋገጠ።

ሪተር በዬና የቀባው ወረቀት ከጠቆረበት ቀን አንሥቶ እስከ ዛምቢያ ሜዳ የተጓዘው ይህ ታሪክ ለነጭ ሣር የሚያስተምረው ትምህርት አለ። በፓርኩ መቋቋም ዘመን ሰንቀሌ ከተባለው መጠለያ መጥቶ የተጨመረው የስዋይን ቆርኬ ቀስ በቀስ ተመናምኖ ከሜዳው እስከ መጥፋት ደርሷል፤ ሣሩም በቁጥቋጦ እየተወረረ ሜዳነቱ ይጠብባል። ሜዳ ሲጠብ የሚጠፋው ግጦሹ ብቻ አይደለም፤ ሸሽቶ ለሚያመልጥ እንስሳ ሩቁን የሚያይበት ስፍራ፣ በመሬት ላይ ተጋድሞ ለሚሰወር ወፍም ከመልኩ ጋር የሚስማማ አፈርና ሣር አብሮ ይጠፋል። የጋሞ አባቶች ቅዱስ ያሏቸውን ደኖች ጎሜ ይሆናል፣ መቅሠፍት ያመጣል እያሉ ከመጥረቢያ ጠብቀው ለትውልድ ያስተላለፉት፣ ስለ እያንዳንዱ ዛፍ ጥቅም ምርመራ አድርገው አልነበረም፤ ከሰው ዕውቀት የሚበልጥ ሥርዓት እንዳለ ስለ ተቀበሉ ነበር። ዛሬ ምርመራው ይህንኑ ትሕትና ያጸናል። ስለዚህ በነጭ ሣር ዙሪያ መንገድ የሚቀይስ፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶ የሚተክል ወይም ቁጥቋጦ የሚመነጥር ሁሉ፣ ሥራው በሰው ዓይን ምን እንደሚመስል ብቻ ሳይሆን በሜዳው ፍጥረታት ዓይን ምን ሆኖ እንደሚታይ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ፍጥረቱን መጠበቅ የሚጀምረው በአካሉ ቁጥር ሳይሆን እርሱ በሚያየው ዓለም ነውና።